የኮሚቴ ወንበር ስንት ዓመት? ለምክር ቤት የአሠራር ደንብ አርቃቂዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የሕግ አውጪ ምክር ቤቶችን የአሠራር ደንብ ለምታረቅቁ፣ ለምታሻሽሉና ለምታጸድቁ የሕዝብ ተወካዮች

ግልባጭ፦ ለአፈ ጉባኤዎች፣ ለፓርቲ ቡድን ተጠሪዎችና ለቋሚ ኮሚቴ ጽሕፈት ቤቶች

ጉዳዩ፦ በቋሚ ኮሚቴ አባልነትና ሰብሳቢነት ላይ ስለሚጣል የጊዜ ገደብ

የምክር ቤት የአሠራር ደንብ በተከለሰ ቁጥር አንድ ተወካይ በአንድ ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ይገደብ የሚል ሐሳብ መቅረቡ አይቀርም። ሐሳቡ ደጋፊ ስለማያጣ ብዙም ሳይከራከሩበት ያልፋል። ደንቡ ውስጥ የሚገባውም «ማንኛውም አባል ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ በአንድ ኮሚቴ አያገለግልም» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ሥራ ላይ ስትውል ነው። ኮሚቴው በአንድ ቀን ልምድ ያለው ሰው ያጣል፤ አለዚያም ሰብሳቢው ምክትል ሆኖ እዚያው ይቀመጣል፤ አለዚያም የኮሚቴው ስም ይቀየርና ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ይህን የምንጽፍላችሁ የምክር ቤት ኮሚቴዎችን አሠራር በሙያችን የምንከታተል ሰዎች ነን። ገደብ ያስፈልጋል የሚለውን እንደግፋለን። የምንጠይቃችሁ ገደቡ በሰብሳቢነት ላይ ጠበቅ፣ በአባልነት ላይ ረዘም እንዲል፣ በማንኛውም ቀን ከኮሚቴው አባላት ከሲሶ በላይ እንዳያስወጣ፣ እንዲሁም ከሰብሳቢ አመራረጥና ከሥራ ርክክብ ጋር አብሮ እንዲጻፍ ነው። ብቻውን የተጻፈ ገደብ ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል፤ ይህን ለማሳየት የሌሎች ምክር ቤቶችን ልምድ እናነሳለን። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ሁለት ነገሮች እንዳይቀላቀሉ እንለምናለን። በምክር ቤት ወንበር ላይ የሚጣል ገደብ ሌላ፣ በኮሚቴ ወንበር ላይ የሚጣል ገደብ ሌላ ነው። ሜክሲኮ በ1933 የፌዴራል ሕግ አውጪዎች በተከታታይ እንዳይመረጡ ከልክላ ነበር፤ ክልከላውን ያነሳችው በ2014 የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው በተከታታይ እስከ 12 ዓመት ማገልገልን ፈቅዶ ነበር፤ በ2025 ግን ክልከላው ከ2030 ጀምሮ እንዲመለስ ሕገ መንግሥቷን እንደገና አሻሽላለች። የካሊፎርኒያ መራጮች በ1990 የታችኛውን ምክር ቤት አባላት በ6፣ የላይኛውን በ8 ዓመት ገደቡ። በ2012 ግን ሕጉን አሻሽለው በየትኛውም ምክር ቤት በድምሩ 12 ዓመት አደረጉት። ሚሺጋንም በ1992 ተመሳሳይ አጭር ገደብ ጥላ በ2022 ወደ 12 ዓመት አራዝማለች። ሦስቱም ያራዘሙበት ዋና መከራከሪያ ተመሳሳይ ነበር፤ ተወካዩ ሥራውን ለምዶ ሳይጨርስ ይወጣል፣ እውቀቱም በሚኒስቴር ሠራተኞችና በጉዳይ አስፈጻሚዎች እጅ ይቀራል የሚል። የኮሚቴ ገደብ ግን ሰውየውን ከምክር ቤቱ አያስወጣውም። ጤና ኮሚቴ ውስጥ 8 ዓመት የሠራ ሰው ወደ በጀት ኮሚቴ ሲሄድ የሆስፒታል ግዢ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው በጀት ኮሚቴ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው። ስለዚህ ለአንዱ የተሰነዘረውን ትችት እንዳለ ወስዶ ሌላውን መምታት ተገቢ አይደለም።

ገደብ በሌለበት ምን እንደሚደርስ የአሜሪካ ኮንግረስ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ሃዋርድ ስሚዝ ከ1955 እስከ 1967 የተወካዮች ምክር ቤቱን የደንብ ኮሚቴ በሰብሳቢነት መርተዋል። ረቂቅ ሕግ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው በዚያ ኮሚቴ በኩል ስለነበር የዜጎች የእኩልነት መብት ረቂቆችን ለማዘግየት ስብሰባ አለመጥራት ብቻ ይበቃቸው ነበር። ምክር ቤቱ በጥር 1961 የኮሚቴውን አባላት ከ12 ወደ 15 አሳድጎ ይህን ኃይል ለማለዘብ ሞከረ፤ ያለፈውም በ217 ድጋፍና በ212 ተቃውሞ፣ በአምስት ድምፅ ብልጫ ነው። በሴኔቱ ደግሞ ጄምስ ኢስትላንድ ከ1956 እስከ 1978 የሕግ ጉዳዮች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። የ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግ የጸደቀው ረቂቁ ወደ እሳቸው ኮሚቴ እንዳይሄድ ተደርጎ በቀጥታ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው አጀንዳ ከገባ በኋላ ነው። ምክር ቤት የራሱን ኮሚቴ ዞሮ ካላለፈ ሕግ ማውጣት ካቃተው የሰብሳቢነት ሥርዓቱ ተበላሽቷል።

እንዲህ ዓይነቱ ጎልቶ የሚታይ ማነቆ ግን በየቀኑ አይገጥምም። በብዛት የሚያጋጥመው ጉዳት ድምፅ የሌለው ነው። አንድ ኮሚቴና የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ሲገናኙ ይለማመዳሉ። መሥሪያ ቤቱ ሰብሳቢው የትኛውን ጥያቄ እንደሚወድ፣ የትኛው አባል ለመረጠው አካባቢ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ሪፖርቱንም በዚያው ልክ ይቀርጻል። የአምናው ጥያቄ ዘንድሮ ይደገማል፣ የአምናው መልስም ቀኑ ተቀይሮ ይቀርባል። በቃለ ጉባኤው ላይ «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይስተካከላል» የሚለው ቃል ለሦስት፣ ለአራት ተከታታይ ዓመታት ከተገኘ መለማመዱ ሥር ሰዷል። ይህን ለመለየት የተለየ ጥናት አያስፈልግም፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የአምስት ዓመት ቃለ ጉባኤዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይበቃል።

በሌላ በኩል ገደቡ ከሥራው ተፈጥሮ ጋር ካልገጠመ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል። የአሜሪካ ሴኔት የስለላ ጉዳዮች ኮሚቴውን በ1976 ሲያቋቁም አባላቱን በ8 ዓመት ገደባቸው፤ ዓላማውም ኮሚቴው ከስለላ ድርጅቶቹ ጋር እንዳይለማመድ ነበር። የመስከረም 11ን ጥቃት የመረመረው ኮሚሽን በ2004 ባወጣው ሪፖርት የስለላ ኮሚቴ አባላት ያለ ጊዜ ገደብ እንዲያገለግሉና እውቀት እንዲያከማቹ መከረ፤ ሴኔቱም በዚያው ዓመት ገደቡን አነሳ። ሥራው በምስጢር የሚሠራ፣ ከውጭ ጋዜጠኛም ተመራማሪም ገብቶ ሊያግዝ የማይችልበት በመሆኑ አዲስ አባል የሚማረው ከሚቆጣጠረው ድርጅት ብቻ ነው። ከዚህ የምንወስደው፣ የአንድ ኮሚቴ ሥራ ለውጭ ዓይን በተዘጋ መጠን የአባላቱ ገደብ ረዘም ማለት እንዳለበት ነው። ጨርሶ ይነሳ የሚለውን ግን አንቀበልም፤ ምስጢር ባለበት ቦታ መለማመድም የባሰ አደጋ ነው።

ታዲያ ዝቅተኛው ጊዜ ስንት ይሁን? መልሱ የሚገኘው በበጀትና ኦዲት ዑደት ውስጥ ነው ብለን እናምናለን። አንድ በጀት በመጀመሪያው ዓመት ይጸድቃል፣ ሥራ ላይም ይውላል። በሁለተኛው ዓመት ሒሳቡ ይዘጋል፣ ይመረመራል፣ የኦዲት ግኝቱ ለምክር ቤት ይቀርባል። በሦስተኛው ዓመት ኮሚቴው የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊዎች ጠርቶ ይጠይቃል፣ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ መሥሪያ ቤቱም የማስተካከያ ዕቅድ ይዞ ይመጣል። ዕቅዱ በእርግጥ መፈጸሙ የሚታወቀው በአራተኛው ዓመት፣ ቀጣዩ ኦዲት ያንኑ ጉዳይ መልሶ ሲያይ ነው። ስለዚህ በጀቱን ያጸደቀ አባል የራሱን ውሳኔ ውጤት ለማየት 4 ዓመት ይፈጅበታል። ከዚህ ያነሰ ገደብ አባሉ ያላየውን ዓመት እንዲጠይቅና የጠየቀውን መልስ ሳይሰማ እንዲወጣ ያደርጋል።

የሌሎችን ቁጥሮች በዚህ ሚዛን ብትመዝኑ ብዙዎቹ አጭር ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። የሕንድ የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ እስከ 22 አባላት አሉት፤ 15ቱ ከታችኛው፣ 7ቱ ከላይኛው ምክር ቤት ናቸው፤ የሥራ ጊዜያቸውም አንድ ዓመት ነው። እንደገና መመረጥ ስለሚቻል የአንድ ዓመቱ ነገር ያን ያህል አይጎዳም፤ ዳግም መመረጥ ቢከለከል ግን ኮሚቴው ሥራ መሥራት ያቅተው ነበር። በደቡብ ኮሪያ የቋሚ ኮሚቴ አባልነት 2 ዓመት፣ የበጀትና ሒሳብ ልዩ ኮሚቴ አባልነት 1 ዓመት ነው። በብራዚል የተወካዮች ምክር ቤት የኮሚቴ ሰብሳቢ ለ1 ዓመት ያገለግላል፤ በተከታታይም አይመረጥም። የ1 ዓመት ሰብሳቢ ፓርቲዎች ወንበር እንዲከፋፈሉ ይጠቅማል፤ አስፈጻሚውን ለመቆጣጠር ግን እጅግ ያጥራል፤ ሚኒስትሩ ሰብሳቢው እስኪወርድ መጠበቅ ብቻ ይበቃዋል። በእንግሊዝ የሕዝብ ምክር ቤት ያለው ደንብ በእኛ ግምት ለልኩ የቀረበ ነው፤ የተመረጠ የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ ከሁለት የፓርላማ የሥራ ዘመን ወይም ከ8 ተከታታይ ዓመታት ከሚረዝመው በላይ አይቆይም። «ከሚረዝመው» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ምክር ቤት ከጊዜው በፊት ሊበተን በሚችልበት ሥርዓት የሥራ ዘመንን ብቻ የሚቆጥር ደንብ ሁለት አጫጭር ፓርላማዎች ሲያጋጥሙት ሰብሳቢውን በ3 እና በ4 ዓመት ያስወጣዋል።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን 4 ዓመት ከሆነ የአንድ ኮሚቴ አባልነት 8 ዓመት፣ ሰብሳቢነት 6 ዓመት ይሁን። የሥራ ዘመኑ 5 ዓመት ከሆነ አባልነቱ 10፣ ሰብሳቢነቱ 7 ዓመት ተኩል ይሁን። ሰብሳቢነቱ ሆን ተብሎ ከምርጫው ጋር እንዳይገጥም የተደረገው አዲስ ምክር ቤት በተሰበሰበ ማግስት ሁሉም ሰብሳቢዎች አዲስ እንዳይሆኑ ነው። የወረደ ሰብሳቢ የአባልነት ጊዜው እስካላለቀ ድረስ በኮሚቴው ውስጥ ተራ አባል ሆኖ ቢቀጥል እንመርጣለን፤ እውቀቱ ክፍሉ ውስጥ ይቆያል። ነገር ግን ምክትል ሰብሳቢም የንዑስ ኮሚቴ መሪም መሆን የለበትም።

አሁን ብዙ ደንቦች ወደሚሰናከሉበት ቦታ እንምጣ። ገደቡ በአንድ ቀን ከተጀመረ በአንድ ቀን ያልቃል። የአሜሪካ ሪፐብሊካን ፓርቲ በ1995 የተወካዮች ምክር ቤቱን ሲረከብ ሰብሳቢዎቹን በ6 ዓመት ገደባቸው፤ ሁሉም አብረው ስለጀመሩ በ2001 መጀመሪያ ላይ በርካቶች አብረው ወረዱ። ይህ መድረሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታወቀ ነበር። መፍትሔው የመጀመሪያውን ዙር በዕጣ ማበላለጥ ነው።

18 አባላት ያሉት ኮሚቴ እንውሰድ፤ ሥራ ዘመኑ 4 ዓመት፣ የአባልነት ገደቡ 8 ዓመት ነው። ለመጀመሪያው ዙር ብቻ 6 አባላት የ4፣ 6 አባላት የ6፣ 6 አባላት የ8 ዓመት ዕጣ ይደርሳቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚገባ ሁሉ ሙሉ 8 ዓመት ያገኛል። የሚወጡት በ4ኛው፣ በ6ኛው፣ በ8ኛው፣ ከዚያም በ12ኛው፣ በ14ኛው፣ በ16ኛው ዓመት ይሆናል፤ በገደቡ ምክንያት በአንድ ጊዜ ከ6 ሰው በላይ አይወጣም። ዕጣው በአንድ ሣጥን እንዳይወጣ ግን አደራ እንላለን፤ የረጅሙ ዕጣ በአጋጣሚ ለአንድ ፓርቲ ሊከማች ይችላልና። ዕጣው በየፓርቲው ቡድን ለየብቻ ይውጣ። ከ18ቱ 10 ወንበር ያለው ፓርቲ አራት የ4፣ ሦስት የ6፣ ሦስት የ8 ዓመት ዕጣ ይውሰድ፤ 5 ወንበር ያለው አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት ይውሰድ፤ 3 ወንበር ያለው ከየዓይነቱ አንድ አንድ ይውሰድ። ሲደመር ከየዓይነቱ ስድስት ስድስት ይመጣል። ዕጣው በግልጽ ስብሰባ ወጥቶ ውጤቱ በስም በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ የዕጣ መለዋወጥ የሚፈቀደው በአንድ ፓርቲ አባላት መካከል፣ በመጀመሪያው ወር ውስጥና በጽሑፍ ብቻ ይሁን።

ምርጫ ደግሞ ገደብ አይጠይቅም፤ በራሱ ጊዜ ሰው ያስወጣል። ከምርጫ በኋላ ከቀድሞው ኮሚቴ ወደ ምክር ቤቱ የተመለሱት አባላት ከሲሶ ካነሱ የቀሩትንም በገደብ ማስወጣት ኮሚቴውን ባዶ ያደርገዋል። ለዚህ የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ ድንጋጌ ይግባ፤ የተመለሱት ከሲሶ ካነሱ የእነሱ ገደብ በግማሽ የሥራ ዘመን በራሱ ይራዘማል። ሰው አይቶ የሚሰጥ ማራዘሚያ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ላይ እንመለሳለን።

አቆጣጠሩ በደንቡ ውስጥ በዝርዝር ካልተጻፈ ገደቡ ዋጋ የለውም። ጊዜው በወር ይቆጠር። በሥራ ዘመን ከተቆጠረ አባሉ ዘመኑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ይለቅና «አልጨረስኩም» ይላል። ቆጠራው የኮሚቴውን ስም ሳይሆን የሚቆጣጠራቸውን ተቋማት ይከተል፤ አዲሱ ኮሚቴ ከሚቆጣጠራቸው መሥሪያ ቤቶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ከቀድሞው የመጡ ከሆነ ለዚህ ዓላማ አንድ ኮሚቴ ነው። የመሥሪያ ቤቶች አደረጃጀት በተቀየረ ቁጥር ኮሚቴዎች ስለሚዋሃዱና ስለሚከፈሉ ይህ ሐረግ ከሌለ ገደቡ ማንንም የማይነካ ሆኖ ይቀራል። የተጠባባቂ ሰብሳቢነት ጊዜ ከ3 ወር ካለፈ ሰብሳቢነት ሆኖ ይቆጠር። በሕመም ወይም በወሊድ ፈቃድ ያለፈ ጊዜ አይቆጠር። የተቃዋሚውን ወገን በኮሚቴው ውስጥ የመራበት ጊዜስ? የአሜሪካ ሪፐብሊካኖች ይቆጥሩታል፤ እኛ ግን ባይቆጠር እንመርጣለን፤ ስብሰባ የመጥራትና አጀንዳ የማስያዝ ሥልጣን የሌለውን ሰው ሥልጣን እንዳለው መቁጠር አግባብ አይመስለንም።

«በተከታታይ» እና «በድምሩ» የሚሉት ቃላት ልዩነትም ትልቅ ነው። በተከታታይ ብቻ ከተባለ የአንድ ወር ዕረፍት ቆጠራውን ያፈርሰዋል። በድምሩ ከተባለ ደግሞ ከ20 ዓመት በኋላ ጠቃሚ ሊሆን የሚችል ሰው ለዘለዓለም ይዘጋበታል። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ለበጀት ኮሚቴው የተጠቀመበት ስሌት ሁለቱንም ያስቀራል፤ አንድ አባል ከ6 ተከታታይ ኮንግረሶች ውስጥ ከ4ቱ በላይ አያገለግልም። አንድ ኮንግረስ 2 ዓመት ስለሆነ ከ12 ዓመት ውስጥ 8 ማለት ነው። ለ5 ዓመት ምክር ቤት ከ15 ዓመት ውስጥ 10 ማለት ይሆናል። ለአንቀጹ የሚከተለውን ቃል እንጠቁማለን፦

«ማንኛውም የምክር ቤቱ አባል በማናቸውም ተከታታይ 180 ወራት ውስጥ ከ120 ወራት በላይ በአንድ ቋሚ ኮሚቴ አባልነት፣ ከ90 ወራት በላይ በሰብሳቢነት ሊያገለግል አይችልም። የኮሚቴው ስም፣ የአባላት ቁጥር ወይም የሥልጣን ወሰን መለወጥ ቆጠራውን አያቋርጥም።»

ወደ ማራዘሚያው ስንመለስ፣ ገደብ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ነው። በ2012 መጨረሻ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ፖል ራያን ገደባቸው ቢደርስም ፓርቲያቸው ኮሚቴውን መምራት እንዲቀጥሉ ፈቅዶላቸዋል፤ በዚያው ሰሞን ፈቃድ የተከለከለ ሌላ ሰብሳቢም ነበር። አንዱ ተፈቅዶለት ሌላው ሲከለከል ገደቡ ለፓርቲ መሪዎች የሽልማትና የቅጣት መሣሪያ ይሆናል። ማራዘሚያ ጨርሶ ባይኖር እንመርጣለን። ይኑር ከተባለ በጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ቀርቦ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻና ከ12 ወር ለማይበልጥ ጊዜ ይሁን።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበን የሰብሳቢው አመራረጥ ነው። የረጅም አገልግሎት ሥርዓት ከየት እንደመጣ መዘንጋት የለበትም። በ1910 የአሜሪካ ተወካዮች በአፈ ጉባኤ ጆሴፍ ካነን ላይ አምፀው ከደንብ ኮሚቴው አስወጧቸው፤ ብዙም ሳይቆይ አፈ ጉባኤው የኮሚቴ አባላትን የመመደብ ሥልጣኑን አጣ። ከዚያ በኋላ ሰብሳቢነት በአገልግሎት ዘመን እየተወሰነ መሄዱ በጊዜው ለአባላቱ መከላከያ ነበር፤ ማንም መሪ ተነስቶ ያልታዘዘውን ሰብሳቢ ሊያወርድ አይችልም። ያ መከላከያ ነው በኋላ እነ ስሚዝንና ኢስትላንድን ያፈራው። አሁን ገደብ ጥላችሁ የረጅም አገልግሎትን ከለላ ስታነሱ፣ ሰብሳቢውን የሚመርጠው ያው የፓርቲ መሪ ከሆነ፣ ኃይሉን መልሳችሁ ለመሪው አስረከባችሁ። ሰብሳቢው ከ6 ዓመት በኋላ ሌላ ሹመት እንደሚያስፈልገው ያውቃል፤ ያንን የሚሰጠውን ሰው የሚያስቀይም ጥያቄ ለሚኒስትር አያቀርብም። ይህ ገደብን ከሚቃወሙ መከራከሪያዎች ሁሉ ጠንካራው ነው። መልስ የምንሰጠውም ገደቡን በመተው ሳይሆን ምርጫውን በመለወጥ ነው።

የእንግሊዝ የሕዝብ ምክር ቤት ከ2010 ጀምሮ የአብዛኞቹን የቁጥጥር ኮሚቴዎች ሰብሳቢዎች በመላው ምክር ቤት ምስጢራዊ ድምፅ ይመርጣል። የትኛው ኮሚቴ ለየትኛው ፓርቲ እንደሚሆን አስቀድሞ በመቀመጫ ብዛት ይከፋፈላል፤ ከዚያ የዚያ ፓርቲ አባላት ይወዳደራሉ፣ ድምፅ የሚሰጠው ግን ሁሉም ነው። በዚህ መንገድ የተመረጠ ሰብሳቢ ለቀጣይ ዕድሉ የሚያስበው ስለ ባልደረቦቹ ሁሉ እንጂ ስለ አንድ ተጠሪ አይሆንም። የአሜሪካ ዴሞክራቶችም ሰብሳቢዎችን በምስጢራዊ ድምፅ መወሰን ከጀመሩ በኋላ በ1975 ሦስት አንጋፋ ሰብሳቢዎችን በአንድ ጊዜ አውርደዋል፤ ድምፁ በእጅ ማውጣት ቢሆን ኖሮ ይህ መሆኑን እንጠራጠራለን። የመንግሥት ሒሳብና የበጀት ኮሚቴዎች ደግሞ በተቃዋሚ ሰብሳቢ ይመሩ፤ በሕንድ ከ1967 ጀምሮ በልማድ፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ ምክር ቤት ከ2009 ጀምሮ ለፋይናንስ ኮሚቴው በደንብ እንዲህ ይሠራል።

ትንንሽ ፓርቲዎች ለብቻቸው ሊታሰብላቸው ይገባል። አራት መቀመጫ ያለው ቡድን በአሥራ ሁለት ኮሚቴዎች ሰው ማዳረስ አይችልም፤ ገደቡ እንደ ትልቁ ፓርቲ ከተፈጸመበት ደግሞ ያለውን አንድ የሕግ ባለሙያ ከሕግ ኮሚቴ ያወጣበታል። የቡድኑ መቀመጫ ከኮሚቴዎች ቁጥር በታች ከሆነ የአባልነት ገደቡ አይፈጸምበት፤ የሰብሳቢነቱ ግን ይፈጸም።

ርክክብ የገደቡ አንድ ክፍል ተደርጎ ይጻፍ። አባል ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ነገር ብዙውን ጊዜ የትም ያልተጻፈ ነው፤ የትኛው መሥሪያ ቤት ምን ቃል ገብቶ እንደነበረ። ለዚህ እያንዳንዱ ኮሚቴ አንድ የውሳኔ ሐሳብ መከታተያ መዝገብ ይኑረው። አምዶቹ ስምንት ይበቃሉ፦ ተራ ቁጥር፣ የውሳኔ ሐሳቡ የተሰጠበት ቀን፣ መነሻ የሆነው ግኝት፣ የሚመለከተው ተቋም፣ ተቋሙ የሰጠው ምላሽና ቀኑ፣ የተገባው የጊዜ ገደብ፣ በምን ማስረጃ እንደተረጋገጠ፣ አሁን ያለበት ደረጃ። ሰባተኛው አምድ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እሱ ከሌለ ግን መዝገቡ ተቋሙ ስለራሱ የተናገረውን ከመመዝገብ አያልፍም። «ተፈጽሟል» የሚል ቃል የሚጻፈው የመስክ ምልከታ ቃለ ጉባኤ፣ የክፍያ ሰነድ ወይም የቀጣይ ኦዲት ግኝት ቁጥር በዚያ አምድ ሲገባ ብቻ ነው። የሚወጣው ሰብሳቢ ከመውረዱ 60 ቀን በፊት ያልተዘጉትን ሁሉ ለይቶ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ቀጣዩን እርምጃ ጽፎ ለተተኪው በፊርማ ያስረክብ። መዝገቡ ከመንግሥት ምስጢር በስተቀር ለሕዝብ ክፍት ይሁን።

የኮሚቴ ባለሙያዎችስ? አባላት ሲፈራረቁ ባለሙያው ይከብዳል፤ አጀንዳውን የሚያውቀው እሱ፣ ረቂቁን የሚጽፈው እሱ ይሆናል። ጥሩ ባለሙያ መኖሩን እንፈልጋለን፤ ነገር ግን የጥያቄ ዝርዝር አዘጋጅቶ ለአባላት በሚያድልበት ኮሚቴ አዲስ አባል ራሱን ችሎ መጠየቅ አይማርም። ለአዲስ አባል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የኦዲት ሪፖርትና የበጀት ሰነድ ንባብ ሥልጠና ይመደብለት። የባለሙያዎች ዝውውርም ገደቡ ከሚፈጸምበት ወቅት ቢያንስ ስድስት ወር ይራቅ።

ገደቡ የት ይጻፍ ለሚለው፣ በፓርቲ መተዳደሪያ ውስጥ ብቻ ባይቀር እንላለን። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት በ1995 ሰብሳቢዎችን ለሦስት ተከታታይ ኮንግረሶች የሚገድብ ደንብ አወጣ፤ በ2009 አብላጫው ሲቀየር ተሰረዘ፣ በ2011 ተመለሰ፣ በ2019 እንደገና ወጣ። በተራ አብላጫ የሚሻሻል ደንብ ዕድሉ ይኸው ነው። ሕገ መንግሥት ውስጥ ማስገባት ደግሞ ከልክ ያለፈ ይመስለናል፤ የወራት ቁጥር ማስተካከል ሲያስፈልግ ሕዝበ ውሳኔ መጥራት አይገባም። በአሠራር ደንቡ ይግባና አንቀጹን ለመለወጥ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠየቅ፤ ለውጡም ሥራ ላይ የሚውለው ከቀጣዩ ምርጫ በኋላ ይሁን።

በመጨረሻም የመሸጋገሪያው አንቀጽ። ያለፈው አገልግሎት ጨርሶ አይቆጠር ከተባለ ለ15 ዓመት የተቀመጠ ሰው ሌላ 10 ዓመት ያገኛል፤ ሁሉም ይቆጠር ከተባለ አንጋፋዎቹ በአንድ ቀን ይወጣሉ። መካከለኛውን መንገድ እንጠቁማለን፤ ያለፈው አገልግሎት በግማሽ ይቆጠርና ማንም ቢሆን ደንቡ ከጸደቀ በኋላ ቢያንስ 24 ወር ያግኝ። በእኛ ስሌት፣ 96 ወር ያገለገለ አባል 48 ወር እንደሠራ ይቆጠርና 72 ወር ይቀረዋል። 200 ወር የተቀመጠው 100 ወር ተቆጥሮበት 20 ወር ስለሚቀረው ወደ 24 ከፍ ይልለታል። አንቀጹ የሚጸድቀው ኮሚቴዎቹ ከመደልደላቸው በፊት መሆን አለበት፤ ከድልድሉ በኋላ እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ ሰው ስም ስለሚሆን ክርክሩ ስለ ሰዎች ይሆናል። ጽሕፈት ቤቶችም በድልድሉ ዕለት የእያንዳንዱን አባል ያገለገለበትንና የቀረውን ወር የሚያሳይ ሠንጠረዥ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ እንዲለጥፉና በየስድስት ወሩ እንዲያድሱት በዚያው አንቀጽ ይታዘዙ።

ከአክብሮት ጋር
የምክር ቤት ኮሚቴዎችን አሠራር በሙያ የምንከታተል ዜጎች